መሸኛ የሌለው ነዋሪ፦ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲመጣ ማቋቋም ለምን ይከብዳል?

ባሕር ዳር ቤቱን ጥሎ የመጣን ሰው መቀበል ታውቅበታለች። ከመተከል፣ ከወለጋ፣ በኋላም በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ከወሎና ከዋግ ሰው በገፍ በመጣባቸው ዓመታት ነዋሪው ከየቤቱ እንጀራ እየጋገረ፣ ብርድ ልብስና የልጆች ልብስ እያዋጣ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊዱ፣ ተማሪውና ነጋዴው በየፊናው እየተሰባሰበ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አሻግሯል። ጭንቁ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቂት ወራት ሲያልፉ የሚያዋጣው ሰው እጅ ያጥራል፤ የመጣው ሰው ግን አልሄደም። ቤት መከራየት፣ ሥራ መፈለግ፣ ልጅ ማስመዝገብ፣ የታመመ ማሳከም ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንን ረጅሙን ጊዜ ነው፤ ስለ እርሱ የሚነገረው ስለ መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚነገረው እጅግ ያነሰ ስለሆነ።

ማቋቋም ሲከብድ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በገንዘብ ማነስ ይመካኛል፤ ገንዘብ ማነሱም እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘብ በተገኘበትም ቦታ ሥራው ሲቆም እናያለን። እርዳታ ለመቀበል መቸገር ይበቃል፤ ለመቋቋም ግን ሰው መታወቅ አለበት። ቀበሌው በመዝገቡ፣ አሠሪው በተያዥ፣ ጎረቤቱ በዕድሩ፣ መንግሥትም በበጀቱ ሊያውቀው ይገባል። እነዚህም አንዱ ሌላውን የሚጠብቁ በመሆናቸው፣ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ተያይዘው ይቆማሉ፤ መታወቂያ የሌለው የባንክ ሂሳብ አይከፍትም፣ ሂሳብ የሌለው ብድር አያገኝም፣ ብድርም ቋሚ ሥራም የሌለው የቤት ኪራይ መክፈል አይችልም፣ ቋሚ አድራሻ የሌለው ደግሞ ተመልሶ መታወቂያ አያገኝም።

የሚመጣው ሰው አንድ ዓይነት አለመሆኑን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው መሬት ስለጠበበው ከጎጃምና ከጎንደር ወረዳዎች ሥራ ፍለጋ የሚገባው ወጣት ነው። ሁለተኛው በግጭት ምክንያት ቀዬውን የለቀቀ፣ ነገር ግን የአገሩን ድንበር ያልተሻገረ ተፈናቃይ ነው። ሦስተኛው ከሌላ አገር ሸሽቶ የገባው ስደተኛ ሲሆን፣ የሚመለከተው ሕግም ተቋምም የተለየ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 1110/2011 መሠረት ጉዳዩን የሚይዘው የስደተኞችና ከስደት ተመላሾች አገልግሎት የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። በአማራ ክልል ስደተኞች በብዛት ያሉት ከባሕር ዳር ርቀው ነው፤ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ በመተማ በኩል የገቡት በምዕራብ ጎንደር፣ ኤርትራውያኑ ደግሞ ዳባት አቅራቢያ በሚገኘው የዓለምዋጭ መጠለያ ሰፍረዋል።

ለባሕር ዳር ዋናዎቹ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ተፈናቃዩ ዜጋ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 በአገሪቱ ውስጥ በፈለገው ቦታ የመዘዋወርና መኖሪያውን የመምረጥ መብት ሰጥቶታል። በወረቀት ላይ ሲታይ ከስደተኛው የተሻለ መብት ያለው እርሱ ነው። በተግባር ግን ስደተኛው ሲመዘገብ ማንነቱን የሚገልጽ ሰነድ ሲሰጠው፣ ተፈናቃዩ ብዙ ጊዜ ስሙ በእርዳታ ዝርዝር ላይ ከመስፈሩ በቀር በእጁ የሚይዘው ወረቀት የለውም።

ባሕር ዳር ራሷ ከየአቅጣጫው በመጡ ሰዎች የተሠራች ከተማ መሆኗን መዘንጋት አይገባም። በሐይቁ ዳር የነበረችው ትንሽ መንደር ወደ ከተማነት የተለወጠችው በተለይ በ1950ዎቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የፖሊቴክኒክ ተቋሙና የጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ከተሠሩ በኋላ ነው። በኋላም የክልሉ መቀመጫ መሆኗና ዩኒቨርሲቲው መስፋፋቱ ብዙ ሰው ስቧል። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ 96,140 የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 155,428 ሆኖ ተገኝቷል። ከተማዋ ያን ሁሉ ሰው ያለ ብዙ ጩኸት ተቀብላለች። ታዲያ አሁን ምን የተለየ ነገር መጣ?

ልዩነቱ አመጣጡ ላይ ነው። ሥራ ፍለጋ የሚመጣው ወጣት ዘመድ ተከትሎ ነው የሚገባው። መጀመሪያ አንድ ወንድም ይመጣል፤ ከአገሩ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል በጋራ ይከራያል፣ የቀን ሥራ ይለምዳል፣ አሠሪ ያውቃል። ከዓመት በኋላ ታናሹን ይጠራል፤ ለታናሹ ማደሪያውም ተያዡም እርሱ ነው። በዚህ መንገድ የሚመጣው ሰው በአብዛኛው መሥራት የሚችል ጉልበታም ሲሆን፣ ልጆቹና ሽማግሌዎቹ ገጠር ይቆያሉ። መፈናቀል ግን መንደሩን እንዳለ አንሥቶ ያመጣል። ሕፃኑ፣ ነፍሰ ጡሯ፣ አልጋ የያዘው አዛውንት፣ ዓይነ ስውሩ ሁሉም በአንድ ቀን ይደርሳሉ፤ ቀድሞ ገብቶ የሚጠብቃቸው ወንድም የለም። አንድ ሠራተኛ የሚሸከመው የሰው ቁጥር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከአቅሙ በላይ ነው። ስለዚህ «እነዚያም መጥተው ተቋቁመዋል፣ እነዚህስ ለምን አይሠሩም?» የሚለው በከተማው አልፎ አልፎ የሚሰማ ንግግር ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮችን የሚያነጻጽር ነው፤ ፍትሐዊም አይደለም።

በአንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ያየሁትን ልንገር። ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ የሚመስሉ እናት ከላስቲክ ውስጥ ሁለት ወረቀት አወጡ፤ አንደኛው የእርዳታ ካርድ፣ ሌላው የልጅ ልጃቸው የክትባት ካርድ ነበር። መታወቂያ ፈልገው ነው የመጡት። መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ በትሕትና «እናቴ፣ መሸኛ ሳይዙ መመዝገብ አልችልም» አላቸው። እርሳቸውም «ልጄ፣ መሸኛውን ከማን ላምጣው? ሊቀ መንበሩም እኮ ከእኛው ጋር መጠለያ ነው ያለው» ብለው መለሱለት። ወጣቱ ዝም አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የያዘው መመሪያ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ አልነበረውም።

መሸኛ ሰው ከአንድ ቀበሌ ወደ ሌላው ሲዛወር የቀድሞው ቀበሌ «ይህ ሰው ነዋሪያችን ነበር፤ ከእኛ ተሰናብቷል» ብሎ የሚጽፍለት ደብዳቤ ነው። አሠራሩ የተመሠረተው ሰው ተዘጋጅቶ፣ ተሰናብቶ፣ ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል በሚል ግምት ላይ ነው። ቤቱ የተቃጠለበት፣ በሌሊት የሸሸ፣ ቀበሌው ራሱ የፈረሰበት ወይም ያባረረው የቀበሌው ባለሥልጣን የሆነበት ሰው በዚህ ግምት ውስጥ የለም። የወጣቱ ሠራተኛ ስጋትም ቢሆን መሠረት ያለው ነው። መታወቂያ ከተሰጠ በኋላ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂው እርሱ ነው፤ መታወቂያ ተይዞ የቤት ማኅበር ውስጥ መግባት፣ ቦታ መጠየቅ ይቻላልና ከተፈናቃዩ ጋር ተደባልቆ የሚመጣ አጭበርባሪ አይጠፋም። በጸጥታ ችግር ጊዜ ደግሞ ማንም ሠራተኛ በማያውቀው ሰው ወረቀት ላይ ማኅተም ለማሳረፍ እጁ ይንቀጠቀጣል።

ሕጉ ግን ለእኒያ እናት መልስ አለው። የአፍሪካ ኅብረት በ2002 ዓ.ም. ካምፓላ ላይ የተቀበለውና በተለምዶ የካምፓላ ስምምነት የሚባለው የተፈናቃዮች ስምምነት በአንቀጽ 13 ላይ፣ መንግሥታት ተፈናቃዮችን እንዲመዘግቡና የጠፋባቸውን ሰነድ እንዲተኩላቸው ያዛል፤ ይህንንም ሲያደርጉ ምክንያታዊ ያልሆነ ቅድመ ሁኔታ እንዳያስቀምጡ ይከለክላል። የዚህ ዓይነት ቅድመ ሁኔታ ምሳሌ አድርጎ የሚጠቅሰውም «ወደ ቀድሞ መኖሪያህ ተመልሰህ አምጣ» ማለትን ነው። ኢትዮጵያ ይህንን ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1187/2012 አጽድቃለች፤ የጸደቀ ስምምነት ደግሞ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስለዚህ የጎደለው መርሁ ሳይሆን መርሁን እስከ ቀበሌው መስኮት የሚያደርስ መመሪያ ነው፤ ምን ዓይነት ምስክር እንደሚበቃ፣ ስንት ሰው እንደሚመሰክር፣ ማን እንደሚፈርም ለሠራተኛው በግልጽ የሚነግርና ፈርሞ ሲያገለግል የሚጠብቀው መመሪያ።

እናትየው በንግግራቸው መፍትሔውንም ሳይጠቁሙ አልቀሩም። የተፈናቀለው ቀበሌ ሊቀ መንበርና ሥራ አስኪያጅ፣ ካህኑ፣ ሼሁና መምህሩ ብዙ ጊዜ ከሕዝባቸው ጋር አብረው ይሸሻሉ። መጠለያው ውስጥ እነርሱን ሰብስቦ «ይህ የእኛ ሰው ነው፣ ይህን አናውቀውም» እንዲሉ ማድረግ ከየትኛውም ደብዳቤ የበለጠ አስተማማኝ ማጣሪያ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም ሰነድ የሌለው ሰው በምስክር እንዲመዘገብ መንገድ ከፍቷል። ይህ ለሲም ካርድና ለባንክ ሂሳብ ትልቅ እገዛ ነው። ሆኖም ፋይዳ የሚያረጋግጠው ሰውየው ማን እንደሆነ ብቻ ነው፤ የየት ነዋሪ እንደሆነ ስለማይናገር በነዋሪነት የሚገኙትን አገልግሎቶች አያስገኝም። የቀበሌው መዝገብ አሁንም ቦታው አልተተካም።

ከመዝገብ ቀጥሎ የሚመጣው የቆጠራ ጉዳይ ነው፤ ከአንድ ሰው ኑሮ የራቀ ቢመስልም ሁሉን ነገር የሚወስነው እርሱ ነው። ኢትዮጵያ መላ ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ቀጣዩ ቆጠራ ቀኑ እየተቆረጠ በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ከዚያ ወዲህ የክልልም የከተማም ዕቅድ የሚሠራው በትንበያ ነው፤ ትንበያ ደግሞ ልደትን፣ ሞትንና የተለመደውን የሰው ዝውውር አስልቶ የሚሄድ እንጂ አንድ መንደር በአንድ ሌሊት ከመተከል ተነሥቶ ጣና ዳር እንደሚያድር አያውቅም። የትምህርት ቤቱ ወንበር፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት፣ የመምህሩ ደመወዝ የሚመደበው በትንበያው ላይ ላለው ሰው ነው። የተቀረው በዚያው ላይ ይደረባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ተፈናቃዩ መጠለያ ውስጥ እስካለ ድረስ በየወሩ ይቆጠራል፤ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት የተለመደው ድርሻ ስለሆነ የነፍስ ወከፍ ቁጥሩ በደንብ ይያዛል። ከመጠለያው ወጥቶ ክፍል የተከራየ ዕለት ግን ከእርዳታው ዝርዝር ይወርዳል፤ መሸኛ ስለሌለው በከተማው መዝገብም አይገባም። ራሱን ለመቻል የመጀመሪያውን እርምጃ የወሰደው ሰው በሁለቱም መዝገቦች መካከል ይጠፋል ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ መጠለያ ውስጥ ተጨናንቆ መኖሩን የሚመርጠው ስንፍና ይዞት ሳይሆን ይህንን ስለሚያውቅ ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ በተለመደው መለኪያ አንድ ሰው በመጠለያ ውስጥ ቢያንስ 3.5 ካሬ ሜትር የተሸፈነ ቦታና በቀን 15 ሊትር ውኃ ሊያገኝ ይገባል፤ ይህም ሰው ለጥቂት ጊዜ እንዲያልፍበት የታሰበ የመጨረሻ ዝቅተኛ መጠን እንጂ ልጅ የሚያድግበት አይደለም።

እርዳታ ላይ ብቻ መንጠልጠል ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በ2015 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። ለተረጂው የተላከ እህል ወደ ሌላ እየዞረ ነው በሚል የዓለም ምግብ ፕሮግራምና የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት በመላው አገሪቱ የምግብ እደላውን ለወራት አቆሙ። ጥፋቱ የማንም ይሁን የማን ዕዳውን የከፈለው ከእህሉ በቀር ሌላ ምንም ያልነበረው ሰው ነው።

ወደ ሥራው ስንመጣ፣ ከመተከል ወይም ከወለጋ የመጣው ሰው በአብዛኛው ጎበዝ ገበሬ ነው። ሰሊጥ፣ በቆሎና አኩሪ አተር ማምረት፣ ከብት ማርባት ያውቃል። ባሕር ዳር ሲገባ ይህ ዕውቀቱ ዋጋ ያጣና በሕንፃ ሥራ ላይ ድንጋይና አሸዋ ከሚያመላልሱት መካከል አንዱ ይሆናል። ሚስቱ ልብስ ታጥባለች፣ እንጀራ ትጋግራለች ወይም መንገድ ዳር ቡና ታፈላለች። ከዚህ የተሻለ ሥራ፣ ለምሳሌ ጥበቃ፣ የሱቅ ሽያጭ፣ የባጃጅ ሹፌርነት ወይም የቤት ውስጥ ሥራ ለመግባት አሠሪው ተያዥ ይጠይቃል። ተያዥ ማለት ቋሚ ደመወዝ ወይም ንብረት ያለው፣ «ይህ ሰው ቢያጠፋ እኔ አለሁ» የሚል የከተማ ሰው ነው። ብድርም ቢሆን እንደዚያው ነው። አነስተኛ የብድር ተቋማት ንብረት የሌለውን ሰው በቡድን ዋስትና ያበድራሉ፤ ይህ ለድሃው የተገኘ ትልቅ ዘዴ ቢሆንም፣ ቡድኑ የሚመሠረተው በሚተዋወቁና አንዱ የሌላውን ቤት በሚያውቅ ሰዎች መካከል ነው። አዲስ ገቢው ነገ የት እንደሚያድር ካልታወቀ ማን አብሮት ይፈርማል? ለዚህ ነው የሙያ ሥልጠና ሰጥቶ የምስክር ወረቀት ማደል ብቻውን ብዙ ርቀት የማይወስደው። በዋስትናው በኩል ከተማው፣ አሠሪው ወይም አንድ በጎ አድራጎት ማኅበር የመጀመሪያውን ዓመት ኃላፊነት የሚጋራበት ሥርዓት ቢዘረጋ ከሥልጠናው የበለጠ ሰው ወደ ሥራ ያስገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

«ገበሬ ከሆነ መሬት ይሰጠው» የሚል አስተያየትም ይሰማል። የጣና ዙሪያ መሬት ግን ተይዞ ያለቀ ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚመረትበት ማሳ በየቤተሰቡ ተከፋፍሎ እያነሰ ሄዷል፤ የራሱ የአካባቢው ወጣት መሬት አጥቶ ወደ ከተማ እየገባ ነው። ከተማ ውስጥ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት መሬት የሚገኘው በሊዝ ስለሆነ ገንዘብ የሌለው ሰው ዕጣው ዳር ላይ ያለ ፈቃድ የተሠራች ጨረቃ ቤት ወይም በኪራይ የምትገኝ አንዲት ክፍል ናት።

መሬት ሰጥቶ ማስፈር ራሱ ምን እንደሚያስከትል አገራችን በራሷ ላይ አይታለች። በ1977 እና 1978 ዓ.ም. ደርግ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በተለይ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አስፍሯል። መተከል ውስጥ ያለው የፓዌ ሰፈራ ከዚሁ ውስጥ አንዱ ነው። ከደጋ የመጣው ሰፋሪ በማያውቀው ወባ ረገፈ፤ ብዙዎችም ሳይጠየቁ፣ አንዳንዶችም ከቤተሰባቸው ተነጥለው ነው የሄዱት። ሌላው ጥፋት ያን ጊዜ እምብዛም አልተነገረለትም፤ የሰፈሩበት መሬት ባዶ አልነበረም። ጉሙዙ እየተዘዋወረ የሚያርሰውና የሚያድንበት አገር ነበር፤ እርሱም አልተጠየቀም። ዛሬ ከመተከልና ከወለጋ ተፈናቅለው ወደ እኛ ከሚመጡት መካከል የእነዚያ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አሉ። አንድ ቤተሰብ በአርባ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ አገር አጣ። ይህንን ሳስብ የቀድሞ ነዋሪውን ፈቃድ ሳይጠይቁ ሰውን ማስፈር ዕዳውን ለልጅ ማውረስ መሆኑ ያሳዝነኛል።

የቀድሞ ነዋሪ ስንል ባሕር ዳር ላይም አንድ ዓይነት ሕዝብ አይደለም። ከሁሉም ቀድሞ በሐይቁ ዳር የነበረው፣ ከደንገል ታንኳ እየሠራ ዓሣ እያጠመደ የኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ከውኃው ዳር ወደ ኋላ ሲገፋ ቆይቷል። ስለ ተቀባይ ማኅበረሰብ ሲወራ እርሱን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ በኪራይ የሚኖረው ዝቅተኛ ገቢ ያለው የከተማ ሰው አለ። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ የአንድ ክፍል ኪራይ ይወደዳል፣ የቀን ሥራ ክፍያ ይወርዳል፣ ታላቅ ሐይቅ ዳር ተቀምጦም በፈረቃ የሚመጣው የቧንቧ ውኃ ይብሱኑ ይርቃል። ጉዳቱ የሚደርሰው እንግዲህ በድሃው ላይ ነው፤ ቤት ያለው ሰው ኪራይ ሲጨምር ይጠቀማል፣ ሕንፃ የሚያሠራውም ርካሽ ጉልበት ያገኛል። ድሃው በዚህ ላይ የእርዳታ መኪና በደጃፉ አልፎ ለጎረቤቱ ብቻ ሲያራግፍ ካየ ቅሬታ ቢያድርበት «ክፉ ሆነ» ማለት አይገባም።

ይህንን የተረዱ አገሮች አሉ። ዩጋንዳ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኞችን ስትቀበል የእርሻ ቁራሽ መሬት ከመስጠቷ ሌላ፣ ለስደተኛው ከሚመጣው ድጋፍ 30 በመቶው ለአካባቢው ነዋሪ እንዲውል መመሪያ አድርጋ፣ ልጆቻቸው በአንድ ትምህርት ቤት እንዲማሩ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ እንዲታከሙ አድርጋለች። መሬቱ እያነሰ፣ የውጭ ገንዘቡ እየቀነሰ ሲሄድ ችግር ቢገጥማትም፣ አዲሱ ሰው ሲመጣ ለነባሩም ጉድጓድ ተቆፈረ መባሉ ብዙ ጠብ አስቀርቷል። ኮሎምቢያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ከቬኔዝዌላ ለገቡት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች የ10 ዓመት ጊዜያዊ ፈቃድ ለመስጠት ወሰነች። ከእህልም ከድንኳንም በፊት ወረቀቱን አስቀደመች፤ ወረቀቱን የያዘ ሰው ሥራውንም ቤቱንም ራሱ እንደሚፈልግ ተማምና።

ወረቀትና ገንዘብ ተሟልቶም የማይሞላ ነገር እንዳለ የምንማረው ደግሞ ከራሳችን አገር ሰዎች ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ከጎንደርና ከአካባቢው ተነሥተው አዲስ አበባ ሲጠባበቁ የነበሩ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ። ዜግነት ወዲያው ተሰጣቸው፣ ማረፊያና የቋንቋ ትምህርት ተዘጋጀላቸው፣ በኋላም ቤት ለመግዛት ልዩ ብድር ተመቻቸላቸው። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ በአገራቸው ጋብቻ የሚያስሩት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት ቄሶቻቸው እዚያ ሲደርሱ የአገሩ የሃይማኖት መሪዎች ሥልጣናቸውን አንቀበልም አሏቸው። ልጆች ቋንቋውን ቶሎ ሲለምዱ አባቶች የልጆቻቸው አስተርጓሚነት ጥገኛ ሆኑ፤ የቤተሰቡ ሥርዓት ተናጋ። ቃሉ ይሰማ የነበረ ሽማግሌ ድንገት ማንም የማያውቀው ሰው ሲሆን የሚደርሰው ጉዳት በየትኛውም በጀት ውስጥ አይጻፍም።

በእኛ አገር ይህንን ክፍተት የሚሞላው ዕድር ነው። ዕድር ቀብር ከማስፈጸሙ በላይ ሰውን የሰፈሩ ሰው የሚያደርግ ማኅተም ነው፤ የዕድር አባል የሆነ ሰው ሲታመም ይጠየቃል፣ ሲከሰስ የሚመሰክርለት ያገኛል፣ ልጁ ሥራ ሲፈልግ ተያዥ አያጣም። ችግሩ የቆየ ዕድር ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና የባንክ ገንዘብ ስላከማቸ አዲስ ገቢ የዚያን ድርሻ በመግቢያ መልክ መክፈል ይኖርበታል፤ የዓመታት መዋጮ ነውና ነባሮቹ በከንቱ አሳልፈው መስጠት አይሆንላቸውም። አዲሶቹም መክፈል ስለማይችሉ የራሳቸውን ዕድር ያቋቁማሉ። ይህ ለሐዘናቸው ይጠቅማቸዋል፤ ነገር ግን በአንድ ሰፈር ሁለት የማይተዋወቁ ዕድሮች ይፈጠራሉ፣ ዋስ ሊሆናቸው የሚችለውም ሰው ከወዲያኛው ወገን ይቀራል። መግቢያውን በብዙ ዓመት ከፋፍሎ ማስከፈል፣ ወይም ለተወሰነ ጊዜ ከቀብር አገልግሎት ብቻ ተጠቃሚ አድርጎ ማስገባት በዕድሩ ዳኞች ስምምነት የሚቻል ነገር ነው። አንድም የውጭ ብር አይጠይቅም።

ስለ ትምህርት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሁለት ነገር ብቻ። ተፈናቃይ ሲመጣ ለማደሪያ ቀድሞ የሚከፈተው የትምህርት ቤት ክፍል ነው፤ መስከረም ሲጠባ ወይ ተፈናቃዩ ይለቃል ወይ ተማሪው ይዘገያል፣ ሁለቱም ቅያሜ ያተርፋል። ሌላው የክፍል ደረጃ ማስረጃ ነው። ማስረጃው የተቃጠለበትን ልጅ ፈትኖ በሚመጥነው ክፍል ማስገባት ሲቻል ወረቀት እስኪመጣ ማስጠበቅ አንድ ዓመት ያስቆጥራል፤ አንድ ዓመት ከትምህርት የወጣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ደግሞ ገንዘብ መያዝ ስለሚጀምር አይመለስም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሥራውን የሚያስረው «ጊዜያዊ» የሚለው አስተሳሰብ ነው። ባለሥልጣኑ «በቅርቡ ይመለሳሉ» ሲል ቋሚ ነገር አይሠራላቸውም፤ ተፈናቃዩም «በቅርቡ እመለሳለሁ» ሲል ልጁን አያስመዘግብም፣ ዕቃ አይገዛም። ለሦስት ወር የተተከለ ድንኳን ሦስት ዓመት ይቆማል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ውስጥ የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገዱንም ገበያውንም ስላወከ፣ መመለሱንም መቋቋሙንም እኩል አርቆታል። የካምፓላ ስምምነት በአንቀጽ 11 ሦስት መንገዶች አስቀምጧል፤ ወደ ቀድሞ ቦታ መመለስ፣ ባሉበት መቋቋም ወይም ወደ ሌላ ቦታ መዛወር። ምርጫው በነጻነትና በቂ መረጃ ተሰጥቶት የሚወስነው የተፈናቃዩ የራሱ ነው። በአውቶቡስ ጭኖ መመለስ በራሱ መፍትሔ አይሆንም፤ የሸሸበት ምክንያት ሳይወገድ የተመለሰ ሰው ሁለተኛ ይፈናቀላል፤ ይህም በክልላችን ደጋግሞ የታየ ነው።

በቢሮዎችም በመጠለያዎችም ውስጥ የሚሰማ አንድ ፍርሃት አለ። ባለሥልጣኑ እዚህ መታወቂያ ከሰጠኋቸው እዚያ የነበራቸው ይዞታ እንደተተወ ይቆጠራል፣ መፈናቀሉንም እንዳጸደቅሁ ይመስላል ብሎ ይሰጋል። ተፈናቃዩም የባሕር ዳር ነዋሪ ሆኜ ከተመዘገብሁ መሬቴን ሄጄ የመጠየቅ መብቴ ያልቃል ብሎ ወረቀቱን ይሸሻል። ሁለቱም ሊያውቁት የሚገባው በዓለም አቀፍ መርህ መሠረት ባሉበት መቋቋምን የመረጠ ተፈናቃይ ሁኔታው ሲፈቅድ የመመለስ መብቱንም፣ የተወውን ንብረት የማስመለስ ወይም ካሳ የመጠየቅ መብቱንም አያጣም። ባሕር ዳር ላይ የተሰጠ መታወቂያ መተከል ላይ የቀረውን ማሳ ሊሽር አይገባም፤ ይህም በክልሉ መመሪያ ላይ በማያሻማ ቃል ተጽፎ፣ በየቀበሌው መስኮት ላይ ተለጥፎ፣ በየመጠለያው ሊነበብ ይገባል።